ሚዛን ላይ ያልወጣው ሠራተኛ

ሀገራችን መመዘን የማታውቅ ሀገር አይደለችም። በተለይ ቡናን በተመለከተ መዛኝነታችን የታወቀ ነው። አንድ ጆንያ ቡና ከቴፒ ወይም ከሚዛን ተፈሪ ተነሥቶ ጅቡቲ ወደብ እስኪደርስ ድረስ እርጥበቱ ይለካል፤ የፍሬው መጠን በወንፊት ይታያል፤ ጥቁሩ፣ የተሰበረውና ነፍሳት የበላው ፍሬ ተለቅሞ ይቆጠራል፤ ከዚያም ተቆልቶ፣ ተፈጭቶና ተፈልቶ በቀማሾች ምላስ ላይ አልፎ ነጥብ ይሰጠዋል። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ተለቅሞ የወጣው የጌሻ ቡና ዘር፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በፓናማ በተደረገ ጨረታ አንዱ ፓውንድ በ21 ዶላር ተሽጦ የቡናውን ዓለም ጉድ ያሰኘው ይኸው ሚዛን ስላለ ነው።

ለረጅም ጊዜ ሲያብሰለስለኝ የኖረው ጥያቄ ግን ወዲህ ነው። ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ ወደ ቤቱ ሲገባ፣ ከሥራው ቦታ ወደ ሰውነቱ ውስጥ ይዞት የሚሄደውን ነገር የሚመዝነው ማን ነው?

ጥያቄውን ዛሬ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በተመረቀበት ዕለት፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ሀገሪቱ ወደ ኑክሌር ኃይል ለመሻገር ማሰቧን ይፋ አድርገዋል። ብዙም ሳይቆይ በመስከረም 2018 ዓ.ም. የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር ሞስኮ ላይ ተፈረመ። ከዚያ ወዲህ የምንሰማው ክርክር ስለ ሜጋዋት፣ ስለ ብድርና ስለ ኃያላን መንግሥታት አሰላለፍ ነው። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ ይቀጥል። ነገር ግን ከዩራኒየም ጋር የተያያዘ ሥራ ሁሉ፣ ከማዕድን ጉድጓዱ አንሥቶ እስከ ማመንጫው ድረስ፣ አቧራው ውስጥ የሚቆም ሰው አለው። ስለዚያ ሰው ሲነገር እምብዛም አልሰማሁም።

ስለዚህ አንባቢዬ ይታገሠኝና መጀመሪያ ስለ ዩራኒየም ጥቂት ልበል። ከዚያ ወደ ጉጂ፣ ከጉጂም ወደ ቡናው ጫካ እወስደዋለሁ። የሰውን ውስጥ የመመዘን ጥበብ ከሌላው ኢንዱስትሪ ሁሉ ይልቅ የጠበቀውና የረቀቀው በዩራኒየም ሥራ ላይ ነውና፣ ሌላውን ለመፍረድ መለኪያ የሚሆነን እርሱ ነው።

ባጁ የማያየው

በሀገራችን ሆስፒታሎች ራጅ ክፍል የገባ ሰው፣ ባለሙያው ደረቱ ላይ የሚሰካትን ትንሽ ባጅ አይቶ ይሆናል። ያቺ ባጅ በየጊዜው እየተሰበሰበች ትነበባለች፤ ባለሙያው የተቀበለው የጨረራ መጠንም በስሙ ይመዘገባል። ይህን ሥራ ሲሠራ የኖረው በአዋጅ ቁጥር 79/1986 የተቋቋመው የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን ነው፤ ኃላፊነቱ በአሁኑ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ተዛውሯል። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችውም ኤጀንሲው በተመሠረተበት በ1957 (እ.ኤ.አ.) ነውና፣ ስለ ጨረራ ጥበቃ አልሰማንም ማለት አንችልም።

ባጁ ግን የሚያየው ከውጭ የሚመጣውን ብቻ ነው። ዩራኒየም በአብዛኛው የሚተፋው አልፋ የሚባለውን ጨረራ ሲሆን፣ ይህን ጨረራ አንዲት ወረቀት ታቆመዋለች፤ የቆዳችን የላይኛው የሞተ ሽፋንም ይበቃዋል። ድንጋዩን በእጅ ይዞ ለሚያየው ሰው ገር ነገር ይመስላል። አደጋው የሚጀምረው ደቅቆ አቧራ ሲሆንና በትንፋሽ ሲሳብ ነው። ሳንባ ውስጥ ሲያርፍ በእርሱና በሕያው ሴል መካከል የሚጋርድ ነገር የለም። የዩራኒየም 238 ግማሽ ዕድሜ ወደ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ይጠጋልና፣ ሳንባ ውስጥ የቀረው ቅንጣት በሰው ዕድሜ ሲለካ ኃይሉ አይደክምም። በዚያ ላይ ዩራኒየም እንደ እርሳስ ሁሉ ከባድ ብረት ነው፤ በደም ውስጥ ከተሟሟ በጨረራው ሳይሆን በመርዝነቱ ኩላሊትን ይጎዳል።

ታዲያ በሰው ውስጥ ያለውን እንዴት ይመዝኑታል? መንገዱ ሦስት ነው።

አንደኛው አየሩን መለካት ነው። ሠራተኛው ወገቡ ላይ ትንሽ ፓምፕ ይታጠቃል፤ ከፓምፑ የሚነሣው ቱቦ ጫፉ ላይ ማጣሪያ ተገጥሞለት ከአንገትጌው ላይ፣ ለአፍንጫው ቅርብ በሆነ ቦታ ይያዛል። ማታ ማጣሪያው ይወሰድና ቀኑን ሙሉ የተነፈሰው አቧራ ምን እንደያዘ ይመረመራል።

ሁለተኛው ሽንት ነው። ዩራኒየም በውሃና በምግብ ውስጥ በጥቂቱ ስለሚገኝ የማንም ሰው ሽንት ኢምንት የሆነች ዩራኒየም አታጣም። ስለዚህ ሠራተኛው ሥራ ሳይጀምር የመነሻ ናሙና ይወሰድለታል፤ ያለዚያ በኋላ የተገኘው ቁጥር ከሥራው ይምጣ ከጉድጓዱ ውሃ መለየት አይቻልም። ከዚያ በኋላ በተወሰነ ጊዜ እየቆጠሩ ናሙናውን ይደጋግሙታል፤ ብዙ ጊዜም ከዕረፍት ቀናት በኋላ፣ ሠራተኛው ታጥቦና የሥራ ልብሱን ሳይለብስ እንዲሰጥ ይደረጋል። አለበለዚያ ከእጁ ወይም ከልብሱ የረገፈች አቧራ ናሙናውን ታበላሸዋለች። የአሜሪካ የኑክሌር ቁጥጥር ኮሚሽን ለዩራኒየም ማቀነባበሪያዎች ባወጣው መመሪያ፣ በአንድ ሊትር ሽንት 15 ማይክሮግራም ሲገኝ ምክንያቱ እንዲጣራ ያዝዛል፤ 35 ሲደርስ ደግሞ የሠራተኛው የሥራ ምድብ እንዲገደብ። ማይክሮግራም ማለት የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው።

ሦስተኛው ደረትን ከውጭ ሆኖ መቁጠር ነው። ሠራተኛው ግድግዳው በወፍራም ብረት በተሠራ ክፍል ውስጥ ይገባል፤ እጅግ ንቁ የሆነ መሣሪያ ደረቱ ላይ ይደረግና ከሳንባው የሚወጣውን ደካማ የጋማ ጨረራ ይቆጥራል።

ሦስቱም አስፈላጊ የሆኑበት ምክንያት አለ። ቶሎ የሚሟሟ ዩራኒየም ደም ውስጥ ገብቶ አብዛኛው በጥቂት ቀናት በሽንት ይወጣል። የማይሟሟው ግን ሳንባ ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል፤ በሽንት የሚታየው ጥቂት ነው። ስለዚህ ሽንቱን ብቻ የመረመረ ሰው «ምንም የለም» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ ያለው ግን ሳንባ ውስጥ ነው። ይህን ልብ እንበል። ያልተመዘነ ሰው ይበደላል፤ በተሳሳተ ሚዛን ተመዝኖ «ንጹሕ ነህ» የተባለ ሰው ደግሞ እጥፍ ይበደላል፤ የጥያቄ መብቱንም አብሮ ያጣልና።

የልኬቱ መጨረሻ መዝገብ ነው። በዓለም አቀፉ የደኅንነት መስፈርት መሠረት አንድ የጨረራ ሠራተኛ የሚቀበለው መጠን በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት ከ20 ሚሊሲቨርት መብለጥ የለበትም። ይህን የሚያሳየው መዝገብ ሠራተኛው 75 ዓመት እስኪሞላው፣ ሥራውን ከተወም በኋላ ቢያንስ ለ30 ዓመት ይጠበቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በሽታው ዘግይቶ ይመጣል። መዝገቡ በሽታውን መጠበቅ አለበት።

ቀንጢቻ

«ይህ ሁሉ የሌላ ሀገር ወሬ ነው፤ እኛ ምን ዩራኒየም አለን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ወደ ጉጂ እንሂድ።

በጉጂ ዞን በሰባ ቦሩ ወረዳ የሚገኘው ቀንጢቻ በታንታለም ማዕድኑ የታወቀ ነው። ታንታለም ኪሳችን ውስጥ ባለው ስልክና ጠረጴዛችን ላይ ባለው ኮምፒዩተር ውስጥ የኤሌክትሪክ ኃይል ለምታጠራቅመው ደቃቃ ዕቃ የሚፈለግ ብረት ነው። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ (ዓ.ም.) ጀምሮ ለበርካታ ዓመታት መንግሥት በማዕድን ድርጅቱ አማካይነት ቀንጢቻን ሲያለማ ኖሯል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ እዚያው ዓለት ውስጥ ባለው ሊቲየም ምክንያት የባለ ሀብቶች ዓይን እንደገና አርፎበታል።

የታንታለም ማዕድን ግን ብቻውን አይመጣም። ታንታለም በሚሠራቸው ክሪስታሎች ውስጥ ዩራኒየምና ቶሪየም ቦታ ያገኛሉ። ድንጋዩ ተፈጭቶ፣ በውሃ ታጥቦና ተለይቶ ሲከማች፣ ታንታለሙ ሲከማች እነርሱም አብረው ይከማቻሉ። በዓለም አቀፉ የማጓጓዣ ደንብ መሠረት በአንድ ግራም ውስጥ የዩራኒየምና የቶሪየሙ መጠን ከ10 ቤክሬል ካለፈ፣ ጭነቱ «ክፍል 7» ከሚባለው የራዲዮአክቲቭ ዕቃ ምድብ ይገባል። ክፍል 7 የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበትን ኮንቴይነር አንጭንም የሚሉ የመርከብ ድርጅቶች አሉ፤ አናሳልፍም የሚሉ ወደቦችም እንዲሁ። የእኛም ታንታለም በዩራኒየምና በቶሪየም ይዘቱ ምክንያት በገበያና በማጓጓዣ በኩል ተቸግሯል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የዩራኒየሙን ነገር ማን አስቀድሞ እንደጠየቀ እንመልከት። ገዢው ጠየቀ፤ የሚያጣራበት ፋብሪካ ቆሻሻውን የት እንደሚጥል ማወቅ አለበትና። ባለ መርከቡ ጠየቀ፤ ኢንሹራንስ አለበትና። የወደቡ ሹም ጠየቀ። እነዚህ ሁሉ በከረጢቱ ውስጥ ስላለው ነገር ቁጥር ይፈልጋሉ፤ ቁጥሩ ካልተሰጣቸውም ከረጢቱ አይንቀሳቀስም። ከረጢቱን የሞላው ሰውስ? ማዕድኑ በውሃ ሲታጠብ አቧራው ይተኛል። ሲደርቅ፣ በማግኔት ሲለይና በአካፋ ወደ ከረጢት ሲጨመር ግን ይነሣል። በእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ላይ ዋናው የጨረራ መግቢያ በር አፍንጫ ነው። የታንታለም ክሪስታል ጠንካራና በቀላሉ የማይሟሟ በመሆኑም፣ ከላይ እንዳልኩት የሽንት ምርመራ ብቻውን እውነቱን አይናገርም። አየሩን መለካት ግድ ነው።

በቀንጢቻ ጉዳይ ባለፉት ዓመታት በአደባባይ የተነጋገርነው ስለ ቶን፣ ስለ ዶላር፣ ስለ ፈቃድና ስለ ባለ ድርሻ ነው። ከረጢቱ ስላለፈበት ሚዛን ብዙ ተብሏል። ከረጢቱን ስለሞሉት ሰዎች ሳንባ በሸንጎ ሲጠየቅ፣ በጋዜጣም ሲጻፍ አላየሁም። ሊቲየሙ ከመጫኑ በፊት ይህ ጥያቄ ቢቀድም ምንኛ በተገባ።

መድኃኒት የሚባለው

ጉጂ የቡና ሀገር ነው። ስለ ቀንጢቻ ሳስብ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ደግሞ ሌላው የቡና ሀገር ነው፤ ቤንች፣ ሸኮ፣ ሸካና ካፋ። በእነዚህ ሥፍራዎች የሚቆፈር ዩራኒየም የለም። ነገሩ ግን አንድ ነው፤ ዕቃው ይመዘናል፣ ሰውየው አይመዘንም።

የስሙን ታሪክ ትቼ በአማርኛ ጆሮ ብቻ ስሰማው «ሚዛን ተፈሪ» የሚለው ስም ራሱ ሙግት ይመስለኛል። ከከተማይቱ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲወርዱ ወደ 10 ሺህ ሄክታር ስፋት ያለው የበበቃ ቡና ተክል አለ፤ ወደ ሰሜን ሲሉ ደግሞ የቴፒ። ሁለቱም በደርግ ዘመን የመንግሥት እርሻዎች ነበሩ፤ በኋላም ወደ ግል ተዛውረዋል። በለቀማ ወራት ከወላይታ፣ ከከምባታና ከዳውሮ ሳይቀር ሰው ወደዚህ ምድር ይጎርፋል። ለቀማው ሲያልቅም እንደመጣ ይበተናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ጉዳይ ሚዛን በሰነበትኩበት ጊዜ፣ ከአንድ አዛውንት ጋር የመጫወት ዕድል ገጥሞኝ ነበር። ስሙን በማልጠራው አንድ እርሻ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሠርተዋል፤ በለቀማ ጊዜ ለቃሚ፣ በአረም ጊዜ ደግሞ የጀርባ መርጫ ተሸካሚ ነበሩ።

«ጋሼ፣ መድኃኒቱን ሲረጩ አፍና አፍንጫዎን በምን ይሸፍኑ ነበር?» አልኳቸው።

«በፎጣ ነዋ ልጄ። ላቡ ሲያስመርረን እንፈታዋለን።»

«ሐኪም ይመረምራችሁ ነበር?»

«ክሊኒክ ነበረ። ስንታመም የወባ ደም ይወስዱልናል።»

«ስለ መድኃኒቱስ የሚጠይቃችሁ ነበር?»

እየሳቁ አዩኝ። «ስለ መድኃኒት ምን ይጠየቃል? መድኃኒት ነው» አሉኝ።

ቋንቋችን እዚህ ላይ አንድ ነገር አድርጎናል። አረም የሚያደርቀውን፣ ተባይ የሚገድለውን መርዝ ሁሉ «መድኃኒት» እንለዋለን። በክኒንና በመርዝ መካከል ያለው ልዩነት በስሙ ሳይታወቅ ሰውየው ጀርባ ላይ ይጫናል።

ከዚህ ይልቅ የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አዛውንቱ የለቀሙትን ቡና ማታ ማታ ካቦው ፊት ሚዛን ላይ ያወጡት እንደነበር፣ ጸሐፊው ደግሞ ኪሎውን በስማቸው ትይዩ በደብተር ይጽፍ እንደነበር ነገሩኝ። ከኪሎው ላይ ስለ ቅጠልና ስለ እርጥበት ተብሎ የሚቀነሰውን ሳይቀር ያስታውሳሉ። እንግዲህ የዚህ ሰው ስም ለብዙ ዓመታት በየማታው በቁጥር ታጅቦ ሲጻፍ ኖሯል ማለት ነው። መዝገብ አልጠፋም፤ ጸሐፊ አልጠፋም፤ ሚዛን አልጠፋም። ከቁጥሮቹ መካከል አንዱ እንኳ ስለ እርሳቸው አይናገርም።

የሚመዘን ነገር አልነበረም እንዳይባል፣ ነበረ። እንደ ማላቲዮን ያሉት ፀረ ተባዮች ሰውነት ውስጥ ሲገቡ በደም ያለውን ኮሊንኤስተሬዝ የተባለ ኤንዛይም ያዳክማሉ። የርጭት ወቅት ሳይጀምር የሠራተኛውን ደም ወስዶ መነሻውን ማወቅ፣ ከዚያም በወቅቱ መካከል ደግሞ መመርመር ይቻላል። በካሊፎርኒያ ይህ ምርመራ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግዴታ ሲሆን፣ ኤንዛይሙ ከመነሻው ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ ሠራተኛው ከርጭት እንዲወጣ ይደረጋል። የዩራኒየሙ ሥርዓት ታናሽ ወንድም ነው፤ መነሻ፣ ድግግሞሽ፣ መዝገብ። ከሚዛን ወደ ዲማ በሚወስደው መንገድ ወርደው በባሕላዊ መንገድ ወርቅ ለሚያወጡ ወጣቶችም ያው ነው፤ ወርቅ በሜርኩሪ የሚያነጥር ሰው የሚተነፍሰው እንፋሎት በሽንቱ ይታያል።

አሁን አንድ ዓመት ላስታውሳችሁ፤ ሚሌኒየማችንን ያከበርንበትን 2000 ዓ.ም.። በዚያ ዓመት ጃፓን ከኢትዮጵያ በሄደ ቡና ውስጥ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘሁ አለች፤ ሊንዴን፣ ክሎርዴንና ሄፕታክሎር። መጠኑ በሚሊዮን ክፍልፋይ የሚቆጠር ነበር። ከትልልቆቹ ገዢዎቻችን አንዷ ነበረችና ገበያው ተናጋ፤ ሹማምንት ቶኪዮ ተመላለሱ፤ ናሙና ተላከ፤ ቅሪቱ ከጆንያው ሳይመጣ አልቀረም ተብሎም የጆንያው ነገር ተመረመረ። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ጀመረ፤ የቡና ሚዛናችንም ዘመናዊ ሆነ። በዚያው ዓመት ደግሞ አዲሱ የጨረራ መከላከያ አዋጅ፣ ቁጥር 571/2000፣ ወጣ። የሚያስፈልገው ዕውቀትና ሕግ በአንድ ዓመት ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው ነበር። የጃፓናዊው ጠጪ ስኒ ውስጥ ሊገባ የሚችለው መርዝ ሀገር አንቀሳቀሰ። የረጪው ደም ግን የማንንም እንቅልፍ አልነሣም። ጃፓናዊው መጠየቁ ትክክል ነበር፤ እኛም መሯሯጣችን ትክክል ነበር። ጥፋቱ፣ ሩጫችን ከጆንያው አለማለፉ ነው።

ተመዝኖ አለመነገር

መመዘን ብቻውን ግን መፍትሔ አይሆንም። ይህን በደም ያስተማሩን የአሜሪካ የዩራኒየም ቆፋሪዎች ናቸው።

የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ በደቡብ ምዕራባዊው የሀገሪቱ ክፍል ያሉትን የዩራኒየም ቆፋሪዎች ይመረምር ነበር። ከእነርሱ መካከል ብዙዎቹ የናቫሆ ተወላጆች ነበሩ፤ በቋንቋቸው «ጨረራ» የሚባል ቃል አልነበረም። ሐኪሞቹ ደም ወሰዱ፣ ሽንት ወሰዱ፣ ደረት በራጅ አነሡ፣ የጉድጓዱን አየር ለኩ። ወደ ማዕድኑ ለመግባት ሲፈቀድላቸው የተስማሙበት ነገር ነበረና፣ የሚያሰጋቸውን ነገር ለቆፋሪዎቹ አልነገሯቸውም። ከዩራኒየም የሚወለደው ራዶን የተባለ ጋዝ በሳንባ ካንሰር ይፈጃቸው ጀመር። ቁጥሩ ለሳይንስ ጠቀመ፤ ለባለቤቱ ግን አልደረሰም።

የአሜሪካ ምክር ቤት ይቅርታ የጠየቀበትና ካሳ የወሰነበት ሕግ የወጣው በ1990 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ለአንድ ቆፋሪ 100 ሺህ ዶላር። ካሳውን ለመቀበል ግን ቆፋሪው ምን ያህል ጨረራ እንደተቀበለ በማስረጃ ማሳየት ነበረበት። የሥራና የልኬት መዝገብ ያልነበራቸው ብዙዎች በራቸው ተዘጋ፤ መስፈርቱ የላላው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ሕጉ በ2024 ጊዜው አልፎ ነበር፤ በ2025 እንደገና ተመልሷል። የሟች ልጆች ዛሬም ወረቀት ይፈልጋሉ።

በራሳችን አህጉር ኒጀርን እንመልከት። በአርሊት ከተማ በ1971 (እ.ኤ.አ.) የዩራኒየም ምርት ሲጀመር ሆስፒታሉን ያቋቋመውና ያስተዳደረው የማዕድኑ ኩባንያ ነበር። ለዓመታት የተሰማው የሠራተኞችና የማኅበራት ቅሬታ በአጭሩ ሲገለጽ ይህ ነው፤ ያሳመመኝም፣ «አልታመምክም» የሚለኝም አንድ ሰው ነው። ዳኛውና ተከሳሹ አንድ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ሚዛኑ ምን ቢረቅቅ ዋጋ የለውም።

ከቤታችን ሳንወጣም ለገደንቢ አለ። በሻኪሶ አካባቢ ያለው የወርቅ ማዕድን ፈቃድ በግንቦት 2010 ዓ.ም. የታገደው፣ ነዋሪው በልጆቹና በከብቶቹ ላይ ጉዳት ደረሰ ብሎ አደባባይ ከወጣ በኋላ ነው። የሰው አካል ምርመራ የሚገባው ከሆነ በኋላ ሳይሆን በፊት መሆኑን ከዚያ የተሻለ የሚያስረዳ የለም። አስቀድሞ የተወሰደ መነሻ ናሙና በሌለበት አንዱ «ጎድታችሁኛል» ሲል ሌላው «ከእኔ አይደለም» ይላል፤ ሁለቱም ማስረጃ የላቸውም። በማስረጃ ማጣት ሁልጊዜ የሚጠቀመው ደግሞ ጉልበተኛው ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የሠራተኛና አሠሪ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ አሠሪው እንደ ሥራው ጠባይ አዲስ ተቀጣሪዎችንና አደገኛ ሥራ ላይ የተሰማሩትን በራሱ ወጪ የማስመርመር ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ኢትዮጵያ የሥራ ደኅንነትና ጤንነትን የሚመለከተውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 በ1991 (እ.ኤ.አ.) አጽድቃለች። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 አለ። የጨረራና የኑክሌር መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1025/2009 አለ። ሕግ አላነሰንም።

ያነሰን ሕጉን ወደ ጠርሙስ የሚያወርድ አሠራር ነው። «ምርመራ» የሚለው ቃል ሁሉን ይችላል፤ ዓይን አይቶ ደም ግፊት ለክቶ ማኅተም መምታትም ምርመራ ነው። ስለዚህ መመሪያው በስም መጥራት አለበት፤ ለዚህ ሥራ ይህ ናሙና፣ በዚህን ያህል ጊዜ፣ በዚህ ላቦራቶሪ። ሦስት ነገሮች ሊጎድሉ አይገባም።

አንደኛ፣ መነሻው ናሙና ሠራተኛው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይወሰድ። ሁለተኛ፣ መዛኙ ከአሠሪው የተለየ ይሁን፤ ውጤቱም ለሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ፣ በቤንችኛም ይሁን በካፊኛ፣ በወላይትኛም ይሁን በኦሮምኛ፣ በቃልና በጽሑፍ ይነገረው። ሦስተኛ፣ መዝገቡ ከሰውየው ጋር ይሂድ። የወቅት ሠራተኛ ዘንድሮ ቴፒ፣ ለከርሞ ሌላ ቦታ ነው፤ አሠሪው ጋር የቀረ መዝገብ ለእርሱ የጠፋ መዝገብ ነው። ዛሬ ባንክ ሒሳብ ለመክፈት የፋይዳ ቁጥር የምንጠይቅ ሰዎች፣ በዚያው ቁጥር የአንድን ሠራተኛ የደምና የሽንት ውጤት ለ30 ዓመት ማቆየት አያቅተንም።

«ድሀ ሀገር ነን፤ ይህ የሀብታሞች ቅንጦት ነው» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ድህነታችን እውነት ነው። ነገር ግን ለናሙና የሚያስፈልገው ጠርሙስ ነው፤ የሚረቅቀው መሣሪያ በየእርሻው መተከል የለበትም። የቡና ናሙና ታሽጎ ባሕር ሲሻገር ኖሯል፤ የሰው ናሙና አዲስ አበባ ድረስ ቢሄድ መንገዱ አይረዝምም። በሚዛንና በቴፒ ካምፓስ ያለው ዩኒቨርሲቲ፣ አማን ላይ ያለው የማስተማሪያ ሆስፒታል፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. የተመሠረተውና ሚዛን አማንንና ቴፒን ከመቀመጫ ከተሞቹ መካከል ያደረገው ክልል፣ እነዚህ ሁሉ ለዚህ ካልሆኑ ለምን ናቸው? ደግሞስ ለኑክሌር ማመንጫ አቅም አለኝ የሚል መንግሥት ለሽንት ጠርሙስ አቅም የለኝም ሊል ይችላልን?

ለእኔ የኑክሌሩ ክርክር የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ሩሲያ መሐንዲስ ትልክልናለች፣ ብረትና ሲሚንቶም እናገኛለን። ሰውን የመመዘን ልማድ ግን ከውጭ አይገዛም፤ በቡናው እርሻና በቀንጢቻው ከረጢት ዛሬ ካልተለማመድነው ነገ ማመንጫው በር ላይ በድንገት አይወለድም። የፎጣ ጭምብል አሥሮ መርዝ ሲረጭ ማንም ያልጠየቀውን ሰው ልጅ፣ ዩራኒየም ሲነካ እንጠይቀዋለን ብሎ ማመን ይከብደኛል። ከዚህ በኋላ ስለ ኑክሌር ማመንጫው በሚደረግ ስብሰባ ሁሉ፣ «ስንት ሜጋዋት?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «የሠራተኛው መዝገብ የት ይቀመጣል፣ ቁልፉስ በማን እጅ ነው?» የሚል አንድ ሰው እንዲነሣ እመኛለሁ።

ቸር ይግጠመን።